ብዙ ዐዋቂ ባለበት ባሕር ዳርቻ ልጆቹን የሚያየው ማን ነው?

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ትንንሽ ልጆች ያሏቸው ወላጆች ከቆዩ ወዳጆቻቸው ጋር ተሰባስበው ባሕር ዳርቻ ቢያርፉ ስለሚያገኙት ጥቅም በቅርቡ በቤተሰብ ዓምዳችሁ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በደስታ አንብቤዋለሁ። ከአብሮ አደጎቻችንና ከልጆቻቸው ጋር እንዲህ ያለውን ዕረፍት ደጋግመን ያሳለፍን ቤተሰብ እንደ መሆናችን መጠን፣ በጽሑፉ ከተነሡት ነጥቦች በአብዛኞቹ እስማማለሁ። ሆኖም በጥቅምነት ከተዘረዘሩት አንዱ፣ ማለትም ዐዋቂዎች በበዙ ቁጥር ልጆችን የሚጠብቀው ዐይን ስለሚበዛ እያንዳንዱ ወላጅ ዘና ሊል ይችላል የሚለው ሐሳብ፣ ሳይታረም ቢያልፍ የልጅ ሕይወት ሊያስከፍል የሚችል ነው ብዬ ስለማምን ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ።

ነገሩ በቤት ውስጥ ሲሆን እውነትነት አለው። ብዙ ዐዋቂ በተሰበሰበበት ቤት ሕፃን ቢወድቅ የሚያነሣው፣ ቢርበው የሚያጎርሰው፣ ቢያኮርፍ የሚያባብለው አይጠፋም፤ ልጁ ራሱ በለቅሶው ዐዋቂውን ይጠራልና። ውሃ ውስጥ ግን ልጅ አይጣራም። ብዙ ሰው የሚሰጥም ሰው እጁን እያወናጨፈ፣ ውሃውን እያንቦጫረቀና “ድረሱልኝ” እያለ የሚጮህ ይመስለዋል። በነፍስ አድን ዋናተኝነት የሠራውና የሰጣሚዎችን ሁኔታ በፊልም እየቀረጸ ያጠናው አሜሪካዊው ፍራንክ ፒያ ያሳየው ግን ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው። በመስጠም ላይ ያለ ሰው ሰውነቱ ውሃው ውስጥ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ አፉን ከውሃው በላይ ለማድረግ እጆቹን ወደ ጎን ዘርግቶ የውሃውን ገጽ ወደ ታች ይጫናል እንጂ ሊያውለበልባቸው አይችልም፤ አፉ ብቅ ባለችባት ቅጽበትም አየር ለመሳብ እንጂ ለመጮህ ጊዜ አያገኝም። ይህ ሁሉ ከ20 እስከ 60 ሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ ያበቃል። ከጥቂት ሜትሮች ርቀት ላይ ለሚያይ ሰው ልጁ አንገቱን ቀና አድርጎ ሰማይ ሰማዩን የሚያይ ነው የሚመስለው። ሲንጫጫ የቆየ ልጅ ውሃ ውስጥ በድንገት ዝም ካለ፣ ዝምታው ብቻ ተነሥቶ ለመሮጥ በቂ ምክንያት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ባወጣው ሪፖርት እንደ ገለጸው፣ በ2021 በመላው ዓለም 300,000 ያህል ሰዎች ሰጥመው ሞተዋል፤ ከእነዚህም ሩብ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆነ ሕፃናት ናቸው። እርግጥ ነው፣ የሰጠመ ሁሉ ባሕር ዳርቻ ለዕረፍት የሄደ አይደለም፤ ወንዙም፣ ኩሬውም፣ ጉድጓዱም የየራሱን ድርሻ ይወስዳል። ይሁን እንጂ የሕፃን አካል በየትኛውም ውሃ ዘንድ ያው ነው። የሁለትና የሦስት ዓመት ልጅ ጭንቅላቱ ከተቀረው አካሉ ጋር ሲነጻጸር ከባድ በመሆኑ፣ በፊቱ ከተደፋ ቁርጭምጭሚት በማይሞላ ውሃ ውስጥ እንኳ ራሱን ቀና ማድረግ ሊሳነው ይችላል። በባሕር ዳርቻ ደግሞ ውሃው ባለበት አይቆምም። አንድ ሜትር ኩብ የባሕር ውሃ ከ1,000 ኪሎ ግራም በላይ ስለሚመዝን፣ ለዐዋቂ ጉልበት የማይደርስ ሞገድ ትንሹን ልጅ ጠልፎ ይጥለዋል፤ ሲመለስም ከእግሩ ሥር ያለውን አሸዋ ጠርጎ ይዞት ይሄዳል።

ዐዋቂ ሲበዛ ዐይን ይበዛል የሚለውን ግምት በተመለከተ፣ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች፣ ጆን ዳርሊና ቢብ ላታኔ፣ እ.ኤ.አ. በ1968 ይፋ ያደረጉት ጥናት ሊታወስ ይገባዋል። ተማሪዎችን በየክፍላቸው ለብቻቸው አስቀምጠው በድምፅ መገናኛ እንዲወያዩ ካደረጉ በኋላ፣ ከተወያዮቹ አንዱ በድንገት በሚጥል በሽታ የተያዘ የሚያስመስል ድምፅ አሰሟቸው። ድምፁን የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ ብለው ካመኑት ውስጥ 85 በመቶው ድምፁ ሳያበቃ እርዳታ ለመጥራት ወጡ፤ ሌሎች አራት ሰዎችም ሰምተዋል ብለው ካሰቡት ውስጥ ግን በዚያው ጊዜ የወጡት 31 በመቶው ብቻ ነበሩ። እነዚያ ተማሪዎች ክፉዎች አልነበሩም፤ ሌላው ይደርሳል ብለው ነው የዘገዩት። እኔ እንደማስበው፣ በቆዩ ወዳጆች መካከል ይህ ዝንባሌ ይብሳል እንጂ አይቀንስም። የማላውቀው ሰው አጠገቤ ቢኖር ልጄን ለእርሱ ትቼ ዐይኔን አልነቅልም፤ የልጅነት ጓደኛዬ ወደ ውሃው ዞራ መቀመጧን ካየሁ ግን ልቤ ያርፋል፤ እርሷም እኔ መኖሬን አይታ ልቧ ያርፋል። መተማመናችን ራሱ ሁለታችንንም ያዘናጋናል። ለዓመታት ተለያይተው የኖሩ ሰዎች ሲገናኙ የሚያወጉት የማያልቅ በመሆኑም፣ ጨዋታው በደራበት ሰዓት ውሃውን የሚያይ አንድም ሰው ላይኖር ይችላል።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ልጆቹ ውሃ ውስጥ ወይም ውሃ ዳር ባሉበት ሰዓት ሁሉ በስሙ የታወቀ አንድ ተረኛ ዐዋቂ ሊኖር ይገባል። ተረኛው አያወራም፣ ስልክ አይነካም፣ አያነብም፣ ተራው ሳይደርስ በፊትም አልኮል አይቀምስም። እኛ ዘንድ ተረኛው አንገቱ ላይ ፊሽካ ያንጠለጥላል። ጊዜው ሲደርስ ፊሽካውን አውልቆ ለተተኪው በእጁ ይሰጠዋል እንጂ ፎጣ ላይ ጥሎት አይሄድም። ሲያስረክብም ዐይኑን ከውሃው ሳያነሣ ልጆቹን በየስማቸው እየጠራ ያሉበትን ይናገራል፤ ትንሿ ውሃው ጠርዝ ላይ ባልዲዋን እየሞላች ነው፣ ወንድማማቾቹ እስከ ጉልበታቸው ገብተዋል፣ ትልቁ ከአባቱ ጋር መጸዳጃ ቤት ሄዷል ይላል። ተተኪው እያንዳንዱን ልጅ በዐይኑ ፈልጎ ካገኘ በኋላ “ይዣቸዋለሁ” ብሎ ድምፁን አውጥቶ ሲመልስ ብቻ የፊተኛው ይሄዳል። መጀመሪያ ላይ ነገሩን ያበዛነው የመሰላቸው ወዳጆች ነበሩ። ተራው ያልደረሰው ሰው በእርግጥም ጀርባውን ሰጥቶ መተኛት፣ መዋኘት፣ እስኪበቃው ማውራት እንደሚችል ካዩ በኋላ ግን ፊሽካው የት አለ ብለው የሚጠይቁት እነርሱው ሆኑ። ጽሑፋችሁ ተስፋ የሰጠው ዘና ማለት የሚገኘው እንዲህ ባለው ሥርዓት ነው።

ተራው ከግማሽ ሰዓት ባይበልጥ መልካም ነው፤ በፀሐይ ነጸብራቅ ውስጥ ውሃ ላይ አፍጥጦ መቆየት ዐይንንም አእምሮንም ያደክማል። ከ5 ዓመት በታች ላለ ልጅ ደግሞ ከዳር ሆኖ ማየት አይበቃም፤ አንድ ዐዋቂ እጁን ዘርግቶ ሊይዘው በሚችልበት ርቀት አብሮት ውሃው ውስጥ ሊሆን ይገባል። በክንድ ላይ የሚጠለቁት በአየር የሚሞሉ ፕላስቲኮች መጫወቻ እንጂ የነፍስ መጠበቂያ አይደሉም፤ ይተነፍሳሉ፣ ከክንድም ይወልቃሉ። በመጠኑ ልክ የሆነና በትክክል የታሰረ የነፍስ አድን ጃኬት የተለየ ነው፤ እርሱም ቢሆን ግን ተረኛውን አይተካም። የመዋኛ ልብስ ሲገዛ ደማቅ ብርቱካናማ ወይም የሚያንጸባርቅ ቢጫ ቢመረጥ ልጁ ከሩቅ ይለያል፤ ሰማያዊው ልብስ ምንም ያህል ቢያምር ውሃው ውስጥ ሲገባ ከውሃው አይለይም።

ቦታውን በመምረጥ ረገድ፣ ነፍስ አድን ዋናተኞች የሚሠሩበትን የባሕር ዳርቻ እንደ መምረጥ ያለ ትልቅ ውሳኔ የለም። በብዙ አገሮች ላይኛው ግማሹ ቀይ፣ ታችኛው ግማሹ ቢጫ የሆነ ባንዲራ በሁለት ቦታ ተተክሎ ሲታይ፣ በባንዲራዎቹ መካከል ያለው ውሃ በዋናተኞቹ የሚጠበቅ ነው ማለት ነው። ሙሉ ቀይ ባንዲራ ከፍተኛ አደጋ መኖሩን ያመለክታል፤ ሁለት ቀይ ባንዲራዎች በአንድ ላይ ከተሰቀሉ ውሃው ለዋና ተዘግቷል። ብርቱካናማ የነፋስ ከረጢት ከተሰቀለ ደግሞ ነፋሱ ከየብስ ወደ ባሕር ስለሚነፍስ፣ በአየር የተሞላ ፍራሽም ሆነ ጀልባ ይዞ መግባት ክልክል ነው። እንዲህ ያለው ነፋስ ከዳር ለቆመ ሰው ስለማይታወቅና ውሃው አጠገብ ያለውን ሞገድ ስለሚያስተኛ፣ ባሕሩ የተረጋጋ መስሎ ልጆቹን የጫነውን መጫወቻ ወደ ጥልቁ ይወስደዋል።

ዐዋቂዎችን ሳይቀር የሚወስደው ሌላው አደጋ ከዳር ወደ ባሕሩ ውስጥ የሚፈስ ጠባብና ፈጣን ጅረት ነው። ሞገዶች ወደ ዳር የገፉት ውሃ መመለሻ ሲፈልግ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ ይወጣል፤ ፍጥነቱም በሰከንድ እስከ 2.5 ሜትር ሊደርስ ስለሚችል በዋና ውድድር የሠለጠነ ሰው እንኳ ተቃርኖት ሊዋኝ አይችልም። አሳሳቹ ነገር መልኩ ነው፤ በግራና በቀኝ ሞገድ ነጭ አረፋ እየደፈቀ ሲሰበር፣ ጅረቱ ያለበት መካከለኛው ቦታ ግን ጠቆር ያለና ጸጥ ያለ ሆኖ ስለሚታይ፣ ወላጅ ለልጁ የሚመርጠው ብዙ ጊዜ ያንኑ ቦታ ነው። ጅረቱ ወደ ውስጥ ይወስዳል እንጂ ወደ ታች አይጎትትም። የያዘው ሰው ወደ ዳር ለመመለስ መታገሉን ትቶ፣ ከዳርቻው ጋር ጎን ለጎን ዋኝቶ ከጅረቱ መውጣት፣ ይህን ማድረግ ካቃተውም ተንሳፍፎ እጁን በማንሣት እርዳታ መጠየቅ ይኖርበታል። ልጁ ሲወሰድ አይቶ ያለ ምንም መንሳፈፊያ ዘሎ የሚገባ አባት፣ ፍቅሩ የማይጠረጠር ቢሆንም፣ ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ሰጣሚ ይሆናል። ነፍስ አድኑን መጥራት፣ የሚንሳፈፍ ነገር መወርወር፣ መግባት የግድ ከሆነም የሚንሳፈፍ ነገር ይዞ መግባት ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ከቡድኑ ቢያንስ ሁለት ሰዎች ከጉዞው በፊት የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ቢወስዱ እመኛለሁ። በመስጠም አደጋ ልብ የሚቆመው ኦክስጅን ተቋርጦበት ስለሆነ፣ ደረትን መጫን ብቻውን አይበቃም፤ ትንፋሽ መስጠትም የግድ ያስፈልጋል።

ለትልልቆቹ ልጆች ባሕሩን ማስተማር ራሱ ጥበቃ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2004 በሕንድ ውቅያኖስ የተነሣው ሱናሚ በደረሰበት ዕለት፣ ከቤተሰቧ ጋር ፉኬት በተባለችው የታይላንድ ደሴት ለዕረፍት ትገኝ የነበረችው የ10 ዓመቷ እንግሊዛዊት ቲሊ ስሚዝ፣ የባሕሩ ሁኔታ መለወጡን አይታ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ በጂኦግራፊ ትምህርት የተማረችው ትዝ ስላላት ወላጆቿን አስጠነቀቀች፤ በዳርቻው የነበሩት ሰዎችም ሸሽተው ተረፉ። ሱናሚ በየዕለቱ የሚያጋጥም ባይሆንም፣ ልጅ የሚናገረውን ሰምቶ ማጣራት ግን የየዕለት ልማድ ሊሆን ይችላል።

ስለ አሸዋው ጥቂት ልበል፤ ማንም አደጋ ይሆናል ብሎ አይጠረጥረውምና። ልጆችና አባቶች ተባብረው የሚቆፍሩት ጥልቅ ጉድጓድ ጠርዙ ሲናድ ውስጡ ያለውን ልጅ ይቀብራል፤ ደረቅ አሸዋ ደግሞ በተዛቀ ቁጥር እየተናደ ይመለሳል። ስለዚህ በጉድጓዱ ውስጥ ካለው ትንሹ ልጅ ጉልበት በላይ ባይቆፈር፣ ሲኬድም ቢደፈን። ፀሐይን በሚመለከት ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ድረስ ልጆችን ጥላ ሥር ማቆየትና፣ ክሬሙን በየሁለት ሰዓቱና ከውሃ በወጡ ቁጥር መቀባት እንደሚገባ ጽሑፋችሁ ስለ ገለጸ አልደግመውም።

ልጅ ከዐይን ከጠፋ በመጀመሪያ የሚፈለገው ውሃው ነው። ሰዎች ብዙውን ጊዜ ከመኪናው፣ ከመጸዳጃ ቤቱና ከሱቁ ይጀምራሉ፤ ሱቅ የሄደ ልጅ ግን ለጥቂት ደቂቃ ቢዘገዩበትም በሕይወት ይገኛል። ጠዋት ከመውጣት በፊት ልጆቹን በለበሱት ልብስ ፎቶግራፍ ማንሣትና የወላጅን ስልክ ቁጥር በማይለቅ ቀለም ክንዳቸው ላይ መጻፍ የአፍታ ሥራ ነው።

አሁን የምጠቅሰውን ሰዎች ለወዳጃቸው መናገር ያፍሩበታል። የተለያዩ ቤተሰቦች የተለያየ የአስተዳደግ ሥርዓት አላቸው፤ አንዱ ልጁን በ1 ሰዓት ያስተኛል፣ ሌላው እስከ እኩለ ሌሊት ይተወዋል፤ አንዱ ሲቆጣ ሌላው ዝም ይላል። ይህ በአብዛኛው በመቻቻል የሚታለፍ ነው። ውሃ ዳር ግን ተረኛው ሰው የማንኛውንም ልጅ ስም ጠርቶ “ውጣ” ወይም “ውጪ” የማለት፣ ልጁም ያለ ክርክር የመታዘዝ ግዴታ እንዳለበት ወላጆች ሁሉ ከጉዞው በፊት ልጆቹ ባሉበት ሊስማሙ ይገባል። ልጄን ለምን ተቆጣህ የሚል ቅሬታ ከዚያ በኋላ አይነሣም። ዋና የማይችል ዐዋቂም ካለ ይህንኑ ሳያፍር ይናገር፤ ከዋናተኛ ጋር ተጣምሮ ተረኛ መሆን ይችላልና፣ ችሎታውን ደብቆ ብቻውን ፊሽካ ከሚይዝ ይህ ይሻላል። በመዋኛ ገንዳ ብቻ የተማረም ሰው ሞገድ ውስጥ እንደ ጀማሪ ራሱን ቢቆጥር አይጎዳም።

እነዚህን ሁሉ የዘረዘርኩት ሰዎችን አስፈራርቼ ከባሕር ለማስቀረት አይደለም። ከቆዩ ወዳጆች ጋር ልጆችን ይዞ ባሕር ዳር መሰንበትን የሚያህል ዕረፍት በበኩሌ አላውቅም። የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ የሰዎችን ሕይወት ከወጣትነት እስከ እርጅና እየተከታተሉ ባካሄዱት ጥናት ካገኟቸው ውጤቶች ዋነኛው፣ ሰው በእርጅናው ጤነኛና ደስተኛ ሆኖ እንዲኖር ከሚረዱት ነገሮች መካከል መልካም የሰው ለሰው ግንኙነት ከፍ ያለ ስፍራ እንዳለው ነው። ትንንሽ ልጆች ያላቸው ወላጆች ደግሞ ከሁሉ አስቀድመው የሚያጡት ይህንኑ ነው፤ ሥራውና ልጅ ማሳደጉ ጊዜውን ሁሉ ስለሚበላው፣ ጓደኛ በዓመት አንዴ በስልክ የሚጠየቅ ሰው ይሆናል። ልጆች በተኙበት ምሽት በረንዳ ላይ ተቀምጦ፣ እናት ወይም አባት ከመባላችን በፊት ማን እንደ ነበርን ከሚያውቁ ሰዎች ጋር ማውጋት፣ ለዓመቱ ድካም የሚተርፍ ብርታት ይሰጣል። ልጆቹም ይጠቀማሉ። በመጀመሪያው ቀን ከእናታቸው ቀሚስ ጀርባ የተሸሸጉት በማግስቱ አንድ ባልዲ ለሁለት ይዘው ውሃ ሲያመላልሱ ይታያሉ። ወላጆቻቸው ከልባቸው ሲስቁ ያያሉ፤ ይህን በሥራ ቀናት ብዙ የማያዩት ልጆች እንዳሉ ሁላችንም እናውቃለን። ከእናትና ከአባት ሌላ የሚያምኑት ዐዋቂ ማግኘትም ካደጉ በኋላ የሚጠቅማቸው ነው። ተረኛ ይኑር የምለው ይህ ደስታ ሳይደፈርስ እንዲቀጥል ነው።

ስለዚህ ለዝግጅት ክፍሉ የማቀርበው ጥያቄ ሁለት ነው። አንደኛ፣ በቀደመው ጽሑፍ ስለ ዐዋቂዎች መብዛት የተባለው በማስተካከያ እንዲወጣ፤ ሁለተኛ፣ ትምህርት ቤቶች ለዕረፍት ከመዘጋታቸው በፊት የባንዲራዎቹን ትርጉም፣ ወደ ውስጥ የሚወስደውን ጅረት መለያና የተረኛ አመዳደብን በሥዕል አስደግፋችሁ፣ አንባቢ ቆርጦ ከሻንጣው ጋር ሊይዘው በሚችል መጠን በአንድ ገጽ እንድታትሙልን ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳለፈው ውሳኔ ሐምሌ ወር 25ኛው ቀን፣ በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 18፣ የመስጠም አደጋን የመከላከያ ዓለም አቀፍ ቀን ሆኖ እንዲታሰብ ስለ ተወሰነ፣ ገጹ ከዚያ ቀን በፊት ባሉት ሳምንታት ቢወጣ ከሁሉም ይበልጥ ተገቢው ጊዜ ይመስለኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ የዘወትር አንባቢ የሆነች እናት